አየሁት ያልኩት አውሮፕላን

ጥቅምት 4
ክሊኒኩ ሙሉ ነበር። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር የግድግዳውን ፊደላት እስከ ታችኛው መስመር በቃላቸው ወረዱት። ሰሌዳውን ትናንት መቀየሬን ማን ይንገራቸው? «ጋሼ፣ የሚያዩትን ብቻ ይንገሩኝ» አልኳቸው። የመንጃ ፈቃድ ማደሻቸውን አልፈረምኩም። ተቆጥተው ወጡ። አዘንኩ… ግን ዓይን ዓይን ነው።

ከሰዓት የበረራ ትምህርቴ። አሰልጣኜ አጠገቤ። ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ የምንበረው በዓይናችን እያየን ነው። የአየር ማረፊያው ማማ ተቆጣጣሪ (ከሬዲዮ ድምጿ በቀር አላውቃትም) በግራዬ ዝቅ ብሎ ነጭ አውሮፕላን እየመጣ መሆኑን ነገረችኝ። ፈለግሁ። ጣሪያ፣ መንገድ፣ ዛፍ…

«አይቼዋለሁ» አልኩ።

ሳላየው ለምን አልኩ?

ስንወርድ አሰልጣኜ የት እንደነበረ ጠየቀኝ። በግራ፣ አልኩት። «እሱንማ እሷ ነገረችህ» አለኝ።

ጥቅምት 9
ዛሬም ሳላይ «አይቼዋለሁ» አልኩ። ሁለቴ።

ጥቅምት 10
ለባለቤቴ ነገርኳት። እስኪያንቃት ሳቀች። ፍሪጅ ከፍቼ ፊት ለፊቴ ያለውን ወተት የት አለ የምል ሰው ነኝ አሉ። የዓይን ሐኪም!

ጥቅምት 13
አሰልጣኜ ማማው ላይ ይዞኝ ወጣ። ተቆጣጣሪዋ አጭር ናት፤ ሹራብ ደርባ ሻይ ትጠጣለች። ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል አስረዳችኝ። አብራሪው አይቼዋለሁ ካለ፣ ከዚያ አውሮፕላን መራቅ የራሱ ኃላፊነት ይሆናል። አላየሁም ካለ እሷ ታዞረዋለች። በቃ። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ከዚያ ሻይዋን ፉት ብላ፣ «ዶክተር፣ በእውነት የሚፈልግ ሰው ትንሽ ይዘገያል። እርስዎ ግን ተናግሬ ሳልጨርስ ያያሉ።»

ደረጃውን ስወርድ ጆሮዬ ይግል ነበር። አሰልጣኜ ጨመረበት፤ ረቡዕ ያቺን ቃል በከንቱ ካልኩ ብቻዬን መብረሩን እንድረሳው ነገረኝ። ዓመት ሙሉ የጠበቅሁትን!

ጥቅምት 16፣ ረቡዕ
ጠዋት ሹፌሩ ተመልሰው መጡ። መነጽር አዘዝኩላቸው። መጀመሪያውኑ አላይም ቢሉኝ ኖሮ… ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። በምን አፌ?

ከሰዓት ከአሰልጣኜ ጋር ወጣን። ተቆጣጣሪዋ ከፊቴ አውሮፕላን እንዳለ ተናገረች። ፈለግሁ። አሁንም ፈለግሁ።

«አላየሁም።»

ወደ ቀኝ አዞረችኝ። ሰማዩ አልተደረመሰም። ስናርፍ አሰልጣኜ ቀበቶውን ፈታ፣ ወረደ፣ በሩን ዘጋብኝ። «ሂድ፣ አንድ ዙር ብቻህን።»

ብቻዬን! አጠገቤ ባዶ ወንበር። ገና ከፍ እንዳልኩ ከኋላዬ የሚመጣ አውሮፕላን እንዳለ ሰማሁ። አላየሁም፣ አልኩ። የሚርቀው ከኋላ ያለው ነውና፣ ቀጥላ ለዚያኛው አብራሪ እኔ የት እንዳለሁ መንገር ጀመረች።

«አይቼዋለሁ» አለ አንድ የጎረምሳ ድምፅ።

ተናግራ ሳትጨርስ።

ያኔ ነው ከልቤ መፈለግ የጀመርኩት።