የቄስ ልጅ «በዓል ይቀነስ» ስትል

ኅዳር 13

ልቤ እስካሁን አልተረጋጋም። ለቅዳሜው የተማሪዎች ክርክር ዛሬ ዕጣ አወጣን። ርዕሱ «ገበሬ እርሻ የማይነካባቸው በዓላት ይቀነሱ ወይስ እንዳሉ ይቀጥሉ?» የሚል ነው። ለእኛ ቡድን «ይቀነሱ» ደረሰን። እኔ የቄስ ልጅ! መምህራችን ሲያየኝ ሳቁን መያዝ አቃተው። በዚያ ላይ በእኛ ትምህርት ቤት ወላጅ የሚቀመጠው ከሚደግፈው ቡድን ጀርባ ነው።

ቤት ገብቼ ፈራ ተባ እያልኩ ለአባ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ስል ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡና «እስቲ ተከራከሪኝ» አሉ። ደስ ብሎኝ ተነሥቼ ቆምኩ።

«በዓል ባይኖር ሰውም በሬውም መቼ ያርፋል?» አሉኝ። መለስኩ። «ዘመድስ መቼ ይጠያየቃል?» አሉ። እሱንም መለስኩ። አንደበቴ እንዲህ ተፈትቶልኝ አያውቅም! ይኼኔ ሞቅ ብሎኝ ያልታሰበውን ተናገርኩ።

«ትናንት የእማማ ብርነሽን የታጨደ ገብስ ዝናብ ሲመታው፣ ሚካኤል ነው ብለን ቆመን አላየንም?»

እማማ ብርነሽ ጎረቤታችን ናቸው፤ ረዳት የላቸውም። ልንሰበስብላቸው ስንነሣ «አትንኩ» ያሉን ራሳቸው አባ ነበሩ።

አባ ቀና ብለው አዩኝ። እኔም ክው አልኩ። ከዚያ ቀስ ብለው «ቅዳሜ ይህቺን ስትናገሪ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። ከኋላ ነው የምቀመጠው» አሉኝ።

ከየትኛው ቡድን ኋላ? ያን ሁሉ ተከራክሬያቸው፣ ይህን መጠየቅ ግን አልደፈርኩም።