በየጠዋቱ የምመዘው ሽንኩርት

ሰኞ፣ ኅዳር 9
ዛሬም ቤት። ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ከሆንኩ ወዲህ አውቶብሴን ሌላ ሹፌር ነው የሚነዳው... እንዴት እየያዘው ይሆን? መስኮቱ ጋ ቁጭ ስል ቀኝ እግሬ ብቻውን ፍሬን ይረግጣል። ባለቤቴ አይታ፣ "ምንጣፉን በሳኸው" አለችኝ።

ፌንጣ ጋ ደወልኩ። የመጨረሻዋ ልጃችን፣ ፌንጣ የምንላት። ሥራ አግኝታ ሌላ ከተማ ቤት ከተከራየች ገና መንፈቅም አልሞላት። "አባዬ፣ ጠዋት እኮ አውርተናል" አለች። ታዲያ የጠዋቱ የጠዋት ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11
ሥራ አገኘሁ። ባለቤቴ ሽንኩርት ከትፋ የተረፈውን ቂጡን ኩባያ ውሃ ላይ አስቀመጠችና፣ "ይኸው፣ ይህን ጠብቅ። ያበቅላል" አለች። የሽንኩርት ዘበኛ ሆንኩ... ይሁን። የካሮቱንም አናት፣ የሰላጣውንም ጉቶ ጨመርኩበት።

ዓርብ፣ ኅዳር 13
ካሮቱ ቅጠል ብቅ አድርጓል። ሰላጣውም መሃሉ አቆጥቁጧል። ሽንኩርቱ ግን ዝም። ለምን?

ፌንጣ ስልክ አላነሳችም። ደገምኩ። አሁንም የለችም። ታማ ይሆን? በኋላ "ሥራ ላይ ነኝ፣ እባክህ አባዬ" ብላ ጻፈች። እባክህ ምን? እባክህ ጠብቀኝ ነው ወይስ እባክህ ተወኝ?

እሑድ፣ ኅዳር 15
ባለቤቴ እጅ ከፍንጅ ያዘችኝ።
"ምን እያደረግህ ነው?"
"ሽንኩርቱ ሥር ማውጣቱን እያየሁ።"
"በየቀኑ?"
ጠዋት ጠዋት ነው። ልክ እንደ ሞተር ዘይት መለኪያ... መዘዝ፣ በጨርቅ ጠረግ፣ አየት፣ መለስ። ዕድሜ ልኬን ያደረግሁት ነው።
"ጠረግከው? ሥሩን እኮ ነው የጠረግከው፣ አንተ ሰውዬ!" እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ልጅቷንም እንዲሁ ነው የምታደርጋት" አለች።

ተናደድኩ። ምሳ አልበላሁም። ንዴቴ ሲበርድ ስልኬን ሰጠኋትና "ደብቂልኝ" አልኳት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19
አልነካሁትም። አልደወልኩም። እጄን ኪሴ ከትቼ ቤቱን ስዞረው ዋልኩ። ብትረሳኝስ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24
ሽንኩርቱ አረንጓዴ አወጣ። ሥሩን አላየሁትም። ይኖራል።

ባለቤቴ እየጮኸ ያለውን ስልክ ከቁም ሳጥን አውጥታ አቀበለችኝ። ፌንጣ ናት፣ ራሷ ደውላ።
"አባዬ፣ ምነው ጠፋህ? አስደነገጥከኝ እኮ።"
ሽንኩርት እየላጠች ነበር፣ ለራት። ቤቱ ጭር ብሎባታል። "ናፍቃችሁኛል" አለች። ተይው፣ ነይ ቤትሽ... ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት።
"የሽንኩርቱን ቂጥ እንዳትጥዪው" አልኳት። "ኩባያ ውሃ ላይ አስቀምጪው፣ ያበቅላል። እየመዘዝሽ ግን አትዪው።"
"እየመዘዘ የሚያይ ደግሞ ማን አለ?" አለች።
ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትስቃለች።