የሬድዮው ባትሪ ያለቀበት ሳምንት

ሰኞ
ዛሬም በሽተኞቼን ደጅ አስቀምጬ አርባ ደቂቃ ሬድዮው ፊት። ስንት ሰው ታከመ፣ ስንት ኪኒን ወጣ፣ ስንት ጥቅል ፋሻ ቀረ። የምሠራለት የእርዳታ ማኅበር ይህን መገናኛ ሬድዮ ለክሊኒካችን ሲሰጥ ለክፉ ቀን ነው ተብሎ ነበር። አሁን በየጠዋቱ ነቀምቴ ላለው ቢሮ ሪፖርት ማንበቢያ ሆኗል። ባትሪውን የሚሞላው ጄኔሬተር ቤንዚን ሊጨርስ ነው፤ በዚህ ጭቃ የሚያመጣልን መኪና የለም። ለቢሮው ጸሐፊ ለአቶ ታደሰ፣ ሪፖርቱ በሳምንት አንዴ ቢሆንስ አልኳቸው። ለጋሾቹ የየቀኑን ይፈልጋሉ አሉኝ።

ማክሰኞ
ቤንዚኑ አለቀ። ባትሪው ደክሟል፣ የአቶ ታደሰ ድምፅ እንደ ንብ እምም ይላል። ሪፖርቱን ግን አነበብኩ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ ከሥራ እንዳልወጣ ፈራሁ። ወባ አሥራ አንድ። ዓይን አራት። መጥረቢያ የቆረጠው እግር አንድ። ወገቤ።

ረቡዕ
ጎህ ሲቀድ ኦቦ ገመቹ ሚስቱን ጫልቱን ከጎረቤቶቹ ጋር በቃሬዛ አመጣት። ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን። ሕፃኑ አግድም ተኝቷል። እኔ ቁስል የማጥብ፣ ኪኒን የምሰጥ ድሬሰር ነኝ፣ ይህ ከእጄ በላይ ነው፤ ነቀምቴ ሆስፒታል መድረስ አለባት። እስከ ድልድዩ በሰው ትከሻ የአምስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መኪና ይሄዳል፣ የሚጠራው ካለ። ሬድዮውን ከፈትኩ። ትንሽ ጮኸና ዝም አለ።

ገበያው ጥግ ጭቃ የያዘው የቡና ጭነት መኪና ቆሟል። ሾፌሩን ባትሪህን አውሰኝ አልኩት። ካለቀብኝ እዚሁ መክረሜ ነው ብሎ አመነታ። ኦቦ ገመቹ ቀረብ ብሎ፣ ያ ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ አለው። ሾፌሩ መፍቻውን አነሳ።

አቶ ታደሰ ድምፄን ሲሰሙ፣ በሽተኛ ስንት አሉኝ።

«ዛሬ ሪፖርት የለም አቶ ታደሰ። ወላድ ልትሞትብኝ ነው። የሆስፒታሉን መኪና ድልድዩ ላይ አቁሙልኝ።»

«ይመጣል» አሉ።

አሥራ ስድስት ወንዶች እየተፈራረቁ ተሸከሟት፤ እኔ ከጎኗ። መኪናው ቆሞ ጠበቀን። እጄን አልለቅ ስላለች ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቅኩ።

ሐሙስ
ወሬ የለም። ባትሪውን ለሾፌሩ መለስኩ። ሞተሩ ተነሳለት፤ ጭቃው ግን አሁንም አለቀቀውም። የመጣው ሁሉ ስለ ጫልቱ ይጠይቀኛል። አላውቅም ማለት ደከመኝ።

ዓርብ
ከሰዓት በኋላ ኦቦ ገመቹ መጣ። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ሕፃኑ አልተረፈም።

«እሷ ግን አለች፣ እህቴ» አለኝ። «አለች።»

ከጎኑ ተቀመጥኩ።

ቢሮው በእሱ በኩል አንድ ጀሪካን ቤንዚን ልኮልኛል። አብሮት ወረቀት አለ፦ የቀሩት ሪፖርቶች ነገ ተጠቃለው ይነበቡ። ከታች አቶ ታደሰ በእጃቸው፣ ወላዷን ሆስፒታል ሄጄ አይቻታለሁ ብለው ጨምረዋል።

ባትሪውን እሞላለሁ፤ ሪፖርት ግን አላነብበትም። በወረቀት ጽፌ ከገበያተኛ ጋር እልካለሁ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። አሁን እግሬን ለብ ባለ ውሃ ነክሬ መተኛት ነው የምፈልገው።