ይቅርታውን የመለሱ ሽማግሌዎች

ኮለምበስ፣ ኦሃዮ
ማክሰኞ፣ መጋቢት 7 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለአባቴ ለመምህር ሙሳ
ኮምቦልቻ

ውድ አባዬ፣

ከነናፍቆቴ ሰላም ብዬሃለሁ። ጉልበትህ እንዴት ነው? ስኳርህን ትለካለህ ወይስ የላክሁልህ መሣሪያ እንደታሸገ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አማችህ ሃቢብም ግሮቭ ሲቲ ያለው መጋዘን ውስጥ አለቃ ሆኗል፤ ቤት ሲገባም አለቃ ልሁን እያለ አስቸግሮኛል።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ ጎረቤቴ ፋጡማ ናት፤ ረመዳንን አገር ቤት ልትጾም ነው የምትመጣው። በስልክ ያልነገርኩህ ወድጄ አይደለም። በስልክ የማትወደውን ወሬ ስጀምር "ኔትወርኩ ተቆራረጠ" ብለህ ትዘጋብኛለህ። ወረቀት ግን አይቆራረጥም። መነጽርህን አድርግና እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

ሽማግሌዎቹን የላክኸው አንተ ነህ፤ ደርሼብሃለሁ። ተናድጃለሁም፤ ምን ልደብቅህ።

ያን እሑድ በጥድፊያ ስለነገርኩህ ከሥሩ ልጀምርልህ። የማስተምረው የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጆችን እንደሆነ ታውቃለህ፤ የአሜሪካን መንግሥትና ሕገ መንግሥት። ይህን ሳያልፉ ዲፕሎማ ስለሌለ ወደዱም ጠሉም እኔ ጋ ይመጣሉ። ዘንድሮ በኮቪድ ምክንያት ግማሾቹ ክፍል ውስጥ፣ ግማሾቹ ስክሪን ላይ ናቸው። ስክሪን ላይ ያሉት ፒጃማ ለብሰው፣ ሲሪያል እየበሉ ስለ ነፃነት ይማራሉ። መንግሥት ያለ ተገቢ ሥርዓት የማንንም ሕይወት፣ ነፃነትና ንብረት አይነካም የሚለውን አንቀጽ ሳነብላቸው ያዛጋሉ። አንድ ቀን ታከተኝና ያንተን ተረት ነገርኳቸው። "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ።" በቅሎ ስንት እንደምታወጣ፣ ጭብጦ ማለት ምን ያህል ቁራሽ እንደሆነች አስረዳኋቸው። ሰውዬው በቅሎውን ዳኛ ፈርዶበት ስላጣት ዝም አለ፤ ቁራሿ ግን ማንም ሳይጠይቀው ስለነጠቁት ዕድሜ ልኩን አንገበገበችው አልኳቸው። ማዛጋቱ ቆመ። ከኋላ አንዱ "ሚስ፣ ታዲያ እሱ አይደል ነገሩ!" አለ። በማግሥቱ ግድግዳው ላይ ሁለት ጥያቄ ለጠፍኩ፤ "በምን ተከሰስኩ? መቼ ልናገር?" ይህን ሳይመልስ የሚቀጣችሁ ማንም ይሁን ማን በድሏችኋል አልኳቸው።

ደግሞ እኮ ሩቅ አገር ሄጄ ምሳሌ አልፈለግሁም። ልክ የዛሬ ሃምሳ ዓመት እዚሁ ኮለምበስ ውስጥ ተማሪዎች ሳይጠየቁ ከትምህርት ታግደው፣ ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ ተማሪዎቹ ረትተዋል። አንደኛው በምግብ አዳራሽ ረብሻ የለሁበትም እያለ ነው የታገደው። ይህን ፍርድ በየዓመቱ አስተምራለሁ።

ዘንድሮ ግን ፍርዱ እኛው ቤት መጣ። በየካቲት መጀመሪያ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ጠብ ተነሣ፤ አንዱ በስልኩ ቀረጸው። ቪዲዮው ላይ ቢጫ ጃኬት የለበሰች፣ ሹሩባ የተሠራች ልጅ ወንበር ትወረውራለች። ፊቷማ በማስክ ተሸፍኗል፤ የማን ፊት አልተሸፈነም? ትምህርት ቤቱ "ኤልዳና ናት" ብሎ ዐሥር ቀን አገዳት። በምርቃቱ ቀንም ከጓደኞቿ ጋር መድረክ አትወጣም ተባለ። ኤልዳና ተማሪዬ ናት። እናቷ ሙሉወርቅ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ደብል ሺፍት እየሠራች ብቻዋን ያሳደገቻት ልጅ ናት፤ የምርቃቱን ቀን ከወዲሁ ከሥራ ፈቃድ ወስዳበታለች። ልጅቷ "እኔ አይደለሁም፤ በዚያ ሰዓት ደረጃው ሥር ሆኜ ከእማዬ ጋር በስልክ እያወራሁ ነበር" ትላለች። እውነቷን ይሁን ውሸቷን እኔ አላውቅም። ችግሬ እሱ አይደለም! ማንም አልጠየቃትም። ኢሜይል ተላከ፣ አለቀ ደቀቀ።

ስሟን ክፍል ውስጥ አንሥቼ አላውቅም፤ ወላሂ። ልጆቹ ግን የሃምሳ ዓመቱን ፍርድ አንብበው ሲጨርሱ እርስ በርስ ተያዩ። በሳምንቱ ለዳይሬክተሩ ሠላሳ አንድ ደብዳቤ ገባለት፤ "ኤልዳና ትጠየቅ" የሚል።

ዳይሬክተሩ ጠራኝና ደብዳቤዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። "ሃጀር፣ ሃያ ስድስቱ ስለ በቅሎ ይናገራሉ። የኦሃዮ ልጅ በቅሎን ከየት አመጣት?" አለኝ። ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ከዚያ ወረቀት አወጣ። "ክፍሌን ለግል ቅሬታ ተጠቅሜ ተማሪዎችን አነሣሥቻለሁ፤ ጥፋቴን አምናለሁ" ይላል። ሳይን ካደረግሁ ኮንትራቴ ይታደሳል። ካላደረግሁ የሚሆነውን አልነገረኝም፤ ትከሻውን ብቻ ሰበቀ። "ደብዳቤዎቹስ?" አልኩት። "አስተማሪ ያስጻፈው ደብዳቤ የተማሪ ደብዳቤ አይባልም" አለ። ገባህ አይደል አባዬ? እኔ ፈረምኩ ማለት የኤልዳና ነገር ተዘጋ ማለት ነው።

ይህን ነው ያን እሑድ የነገርኩህ። አንተ ግን "ልጄ፣ ፈርመሽ ቤትሽ ግቢ" አልከኝ። እንቢ ስልህ ኔትወርኩ ተቆራረጠ።

ሐሙስ ዕለት ሐጂ ሁሴንና ጋሽ ሰብስቤ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄዱ። ሐጂ ሁሴን የኮምቦልቻ ልጅ ናቸው፤ እዚህ የሐበሻ ሱቅ አላቸው፤ ስልካቸውን ከየት እንዳገኘኸው አልጠይቅህም። ጋሽ ሰብስቤ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ እንግሊዝኛቸው ጥሩ ስለሆነ ነው የተወሰዱት። ጋቢ ደርበው ገቡና ጎን ለጎን ቆሙ። ሰውዬው ወንበር ሰጣቸው፤ አልተቀመጡም። ውሃ ልስጣችሁ አለ፤ አልጠጡም። "ልጃችን አጥፍታለች፤ ካልማሩልን አንቀመጥም" አሉት። ሃያ ደቂቃ! ፈረንጅ ጨነቀው። ፀሐፊዋ ኋላ እንደነገረችኝ ሁለት ጊዜ ወጥቶ "ምን ላድርግ?" ብሏታል። በመጨረሻ "ኦኬ፣ ኦኬ፣ ይቅር ብያለሁ" ሲል ቁጭ አሉና ሐጂ ዱዓ አደረጉለት፤ ጋሽ ሰብስቤ ጸለዩለት። በሁለት ሃይማኖት ተመርቆ ሲያበቃ ለእኔ ኢሜይል አደረገልኝ። "ቤተሰቦችሽ ስለ አንቺ ጥፋቱን በማመናቸው አመሰግናለሁ፤ እስከ ሰኞ ፈርመሽ መልሺ" ይላል።

አባዬ፣ ያን ኢሜይል ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባላጠፋሁት ጥፋት፣ በሌለሁበት፣ በሰው አፍ አመንኩ!

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ሁለቱም ነበሩ። "እሰይ፣ ተሳካ አይደል?" አሉኝ ሐጂ።

"አጥፍቻለሁ ብዬ እኔ ልኬያችኋለሁ?"

"አባትሽ ናቸዋ! እንባ እየተናነቃቸው ለመኑን። እንዴት እንቢ እንበል?"

"እኔ አላጠፋሁም።"

"ባታጠፊስ? ይቅርታ ማንን ገደለ? ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም?"

"ሐጂ፣ እኔ የምበላው እኮ ንጉሥ ይከሰሳል ብዬ እያስተማርኩ ነው!" ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ በርበሬ የሚመዝነው ሰውዬ ዞሮ አየኝ። "ደግሞ ይቅርታችሁ ሰው ገድሏል። ደብዳቤዎቹን ሽሮ የኤልዳናን በር ዘግቶባታል።"

ጋሽ ሰብስቤ ቀና አሉ። "የትኛዋ ኤልዳና?"

"የሙሉወርቅ።"

ሽማግሌው የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ለካስ ሰንበት ትምህርት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። "እኔ በገዛ አፌ?" አሉ፤ ደጋግመው። "እኔ ነኝ ቃል በቃል ያስተረጎምኩት።"

ሰኞ አብረውኝ እንዲመለሱ ጠየቅኋቸው። ሐጂ እጃቸውን አወናጨፉ። "ይቅርታ ለምኖ የሚመልስ ሽማግሌ የት አገር አይተሻል? ነውር ነው!"

"ነውሩ በእኔ ይሁን" አልኳቸው። "እንቢ ካላችሁኝ ብቻዬን እሄዳለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ዋሽተዋል ብዬ እናገራለሁ።"

"ይቺ ልጅ ያባቷ ልጅ አይደለችም" አሉ ሐጂ። ያን ቃል ለጊዜው ዋጥኩት፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ትናንት ሄድን። ዳይሬክተሩ ሽማግሌዎቹን ሲያይ ደነገጠ፤ ገና አፉን ሳይከፍት ሐጂ ወንበር ስበው ቁጭ አሉ። ጋሽ ሰብስቤም ተቀመጡ። "ባለፈው ተሳስተን ነው" አሉ ሐጂ፤ ጋሽ ሰብስቤ ያስተረጉማሉ። "ይቺ ልጅ አልላከችንም። ያልነው ሁሉ የእኛ እንጂ የእሷ ቃል አይደለም፤ መልሰን ወስደነዋል። ሳትጠየቅ የተቀጣች ልጅ አለች አሉ። ቀን ካልቆረጥክላት ከዚህ አንነሣም።" ሰውዬው እኔን አየ፣ እነሱን አየ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን አወጡ፤ ጋሽ ሰብስቤ ካፖርታቸውን አወለቁ። እኔም ያን ወረቀት ሰጠሁት። በፊርማው መስመር ላይ ሁለቱን ጥያቄዎቼን ጽፌበታለሁ። አነበባቸው። ከዚያ ካላንደሩን ከፈተ። ኤልዳና ነገ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከእናቷ ጋር ቀርባ ትናገራለች። ስልኳ የተደወለበትን ሰዓት የሚያሳየውን ወረቀት ይዛለች።

ስለ ኮንትራቴ "ምንም ቃል አልገባልሽም" ብሎኛል። ሃቢብ "መጋዘን እንቀጥርሻለን፤ ቁመትሽ ለታችኛው መደርደሪያ ይሆናል" እያለ ይቀልድብኛል። ያባርሩኝ! ሠላሳ አንድ ልጆች የተማሩትን ከውስጣቸው መልሶ የሚያወጣ ዳይሬክተር የለም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ለምን ሽማግሌ እንደላክህ አውቃለሁ። በ1992 ሃያ ሁለት ቀን ታስረህ ያወጡህ ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱ ለመኑ፣ አንተ ፈረምክ። ከተፈታህ በኋላ ባለው ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ስንሰቅል ቡናማ ኮትህን ለብሰህ ከሰልፉ ፊት ወረቀት አነበብክ። ሰባተኛ ቢ መስመር ላይ ከፊት ሦስተኛዋ እኔ ነበርኩ። ቤታችን ውስጥ ይህ ነገር አንድም ቀን ተነሥቶ አያውቅም፤ ዛሬ አነሣሁት። "አጥፍቻለሁ፤ ሁለተኛ አይለመደኝም" ብለህ ጨረስክ። እኛ ልጆች አለንጋ ስናይ የምንለውን! ሰልፉ ሳቀ።

አባዬ፣ እኔም ሳቅሁ። ልጅህ መሆኔን እንዳያስታውሱብኝ ብዬ ከሁሉም አስበልጬ ሳቅሁ። ወረቀቱን ስታጥፍ ቀና ብለህ አየኸኝ። ከሰዓት በኋላ አዲስ ደብተር ገዝተህልኝ መጣህ።

በመፈረምህ አልወቅስህም፤ እንዳትሳሳት። በዚያ ፊርማ በልቼ፣ በዚያ ፊርማ ተምሬ ነው ዛሬ አልፈርምም ለማለት የበቃሁት። ሐጂ ተሳስተዋል፤ ያባቴ ልጅ ነኝ። የበቅሎዋን ተረት ማን አስተማረኝ? ግን ምን አድርገህ እንደታሰርክ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰዉ ማርክ አልጨምርም ብሎ ነው ይላል፣ ስብሰባ ላይ ተናግሮ ነው ይላል። አንተን ማንም አልጠየቀህም፤ እኔም አልጠየቅሁህም። አሁን እየጠየቅሁህ ነው። በምን ከሰሱህ? ያኔ ተናገር ቢሉህ ምን ትል ነበር? ፋጡማ ከኢድ በኋላ ስለምትመለስ ጽፈህ ስጣት። አንድም ቃል አልቆርጥብህም።

ይቅርታ የሚጠየቀው ለተሠራ ጥፋት ነው። ዳይሬክተሩን አልበደልኩም። የበደልኩት አንተን ነው፣ ያን ሰኞ። ለዚህ ሽማግሌ አልክብህም፤ ራሴ መጥቻለሁ።

አላህ ዕድሜህን ያርዝምልኝ፤ ለረመዳንም በጤና ያድርስህ። ስኳርህን ተለካ።

ማርኩሽ እስክትላት የማትቀመጥ ልጅህ፣
ሃጀር ሙሳ