ድልድዩ ላይ የቆመው ባቡር

ቅዳሜ፣ የካቲት 14፤ ሎሎጎ፣ ጁባ

ዛሬም ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ ሞዴል ባቡሬን ሞከርኩት። ኩርባው ላይ እንደ ደረሰ ከሐዲዱ ወጣ። ምክንያቱን አሁን አውቀዋለሁ። ሐዲዱን የዘረጋሁበትን ጣውላ የገዛሁት በዝናቡ ወራት፣ እርጥበት እንደ ያዘ ነበር። በበጋው ሙቀት ደርቆ ሲኮማተር፣ ክፍተት ሳልተው ጫፍ ለጫፍ ያገጣጠምኳቸውን ሐዲዶች ገፍቶ አጎበጣቸው። መሐንዲስ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዲህ ቢሠራ ኖሮ አልፈርምለትም ነበር።

ይበልጥ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። የሞዴል ባቡር ሠሪዎች በቴሌግራም ቡድናችን የደረስንበትን በየቅዳሜው እናሳያለን። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ባቡሩን በእጄ ሞዴሉ ውስጥ ባለው ድልድይ ላይ እያቆምኩ ፎቶ አንስቼ «በመልካም ሁኔታ ይሄዳል» ብዬ ጽፌያለሁ። ዛሬ ድሬዳዋ ያሉት ጡረተኛው የባቡር ነጂ ጋሽ መኩሪያ በድምፅ መልእክት፣ «ልጄ፣ ፎቶው ይብቃን፤ እስቲ ሲሄድ በቪዲዮ አሳየን» አሉኝ።

መብራት ጠፍቷል ብዬ ጻፍኩ። ጁባ ላለ ሰው ማንም የማይጠራጠረው ሰበብ ነው። ሳልልከው አጠፋሁት። በመጨረሻ ባቡሩ እንደማይሄድና እንደዋሸኋቸው በሁለት ዓረፍተ ነገር ገልጬ ላክሁ።

ጋሽ መኩሪያ ወዲያው መለሱ። «እሱንማ አውቀናል። ሦስት ሳምንት ድልድይ ላይ ስታቆማቸው ተሳፋሪዎቹን ምን አበላሃቸው?»

ኩርባውን መንቀል ጀመርኩ፤ ሁለት ሐዲድ እንዳነሳሁ ደክሞኝ ተቀመጥኩ።