አዋላጅ ስለሌለው የማዋለጃ ቤት መብራትና ደወል

ለተከበሩ የከተማችን የቅርስ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎና እንቅልፍዎ እንደምመኝልዎ ከሆነ ደስታዬ ወሰን የለውም። በምረቃው ዕለት በዚህ ቤት መወለድዎን ሲናገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁና፣ ያን ጊዜ በዚሁ መግቢያ ተደግፈው የገቡት ወላጅ እናትዎ እንደምን አሉ? ደጅ ቆመው የጠበቁት አባትዎስ? የተከበሩ ባለቤትዎስ? ሪባኑን የቆረጠችው ነፍሰ ጡር ልጅዎስ እንዴት ከረመች? ፈጣሪ በሽልም ያውጣት። ከአገሬ ርቄ የዚህን ቤት በር የምጠብቀው እኔ፣ ከፍርሃቴ በቀር፣ ደህና ነኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ ስለሆነ አጻጻፌ ቢጎድል ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፤ ስለ እድሳቱ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ቤቱን የነደፈው ሰው ለእናቶች አሳቢ ነበር፤ ምጥ የያዛት ሴት እግሯን ማንሳት እንዳይከብዳት በደረጃ ፈንታ ተዳፋት መግቢያ ሠራ፤ አልጋ ከነጎማው እንዲያልፍ በሮቹን አሰፋ፤ የደጁን ደወል ደግሞ የተንበረከከች ሴት እንድትደርስበት ከወገብ በታች አኖረው። አዲሱ ሆስፒታል ከወንዙ ማዶ ሲከፈት ቤቱ ተዘግቶ የዕቃ ማከማቻ ሆኖ ቆየ። እርስዎ ግን ሙዚየም አድርገው ሁሉን እንደ ጥንቱ መለሱት፤ «የእናቶች ማዋለጃ» የሚለውን ጽሑፍ በወርቃማ ቀለም አስደመቁ፤ ድሮ «አዋላጅ አለች» ለማለት ይበራ የነበረውን አረንጓዴ መብራት አበሩ፤ ደወሉንም አስጠገኑ። ያልመለሷት አዋላጇን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር በሥራ ብዛት ሊዘነጋ እንደሚችል እረዳለሁ።

ሁለተኛ፤ ምጥ የያዛቸው ሴቶች መብራቱን አይተው ይመጣሉ። ገሚሱ ለከተማው እንግዳ ናቸው፤ ገሚሱን ደግሞ እዚሁ የወለዱ አማቶቻቸው እየመሩ ያመጧቸዋል። ባለፈው የዝናብ ሰሞን፣ ከቀትር በኋላ፣ ደወሉ ጮኾ ብወጣ አንዲት ሴት ደወሉን ጨብጣ ተንበርክካለች፤ አማቷ ከኋላ ደግፈዋታል። ለእንግዳ ሁሉ እንድናገረው ያዘዙኝን የቤቱን ታሪክ በቃሌ አጥንቼው ነበርና፣ ከድንጋጤ የተነሳ ሌላ ቃል ጠፍቶኝ እሱኑ አነበነብኩት። «ይህ በር የሰፋው እናቶች ሳይቸገሩ እንዲገቡ ነው» ስል፣ ግቡ ያልኳቸው መስሏቸው ገቡ። አማቲቱም በአጠገቤ ሲያልፉ «ቤቱስ አልተለወጠም፤ ዘበኛው ነው ወሬ ያበዛው!» አሉ። ሴትዮዋ በገመድ ታጥሮ ለጉብኝት በተዘጋጀው አሮጌ አልጋ ላይ ወጥታ ተኛች።

ሕፃኑን የተቀበለችው ከመንገዱ ማዶ ሻይ የምትሸጠው እትዬ ናት። እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ስለነበር ልጁ ድምፅ ሳያሰማ ቆየ። ያ ዝምታ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። «አንተ፣ ቆመህ አትንቀጥቀጥ፣ መጠቅለያ አምጣ!» ስትለኝ ያቀበልኳት የደንብ ልብሴን ኮት ነው። በመጨረሻ ልጁ አለቀሰ፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ። ጽሕፈት ቤትዎ በዚሁ ምክንያት «በገመድ የታጠረ ቅርስ አስነክተሃል» ብሎ የሰጠኝን ማስጠንቀቂያ በታላቅ አክብሮት ተቀብያለሁ።

ሦስተኛ፤ ማስጠንቀቂያውን በማክበር፣ ቀጥላ የመጣችውን አላስገባሁም። ብቻዋን ነበረች። ወደ መብራቱ እየጠቆመች «በርቶ የለም እንዴ፣ ወንድሜ?» አለችኝ። ቅርስ ነው አልኳት። ታክሲ አስቁሜ አሳፈርኳት፤ ድልድዩ ግን በመኪና ተጨናንቆ ነበር። ትድረስ አትድረስ አላውቅም። አንድ እግር ጫማዋ ከመግቢያው ላይ ወድቆ ቀርቶ በጥበቃ ክፍሌ አስቀምጬዋለሁ። ስለ ጫማው የጠየቀኝ የእርስዎ ባለሙያ ብቻ ነው፤ እሱም የየትኛው ዘመን ጫማ እንደሆነ ለመመዝገብ ፈልጎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደወሉ በጮኸ ቁጥር ታክሲ ፍለጋ ወደ መንገዱ እሮጣለሁ። ተማሪዎች ለጨዋታ ሲነኩት እንኳ ላብ ያጠምቀኛል። እትዬ «ዶክተር» የሚል ስም አውጥታልኛለች፤ «ዶክተር፣ ዛሬስ ተረኛ ነህ?» ስትል ሰፈሩ ይስቃል፤ የእኔ ከንፈር ግን እሺ አይልም። የሚመጣው ሳቅ ይሁን ሬሳ አላውቅምና።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው፤ ወይ መብራቱ ይጥፋ፣ ደወሉ ይፈታ፣ ጽሑፉም ይሸፈን፤ ወይ አንዲት አዋላጅ ከበሩ ጎን ትቀመጥ። የቅርሱን መልክ ታበላሻለች ከተባለም፣ እሷም ከቤቱ ጥንታዊ ዕቃዎች አንዷ ነበረች ተብሎ ይታለፍልኝ። እሺም ይሁን እምቢ፣ ይህ ደብዳቤ በደረሰዎ ዕለት መልስ ይጻፉልኝ።

በደጅዎ ቆሞ፣ ያሳደሱት ደወል እንዳይጮኽ ዘወትር የሚጸልይ፣
ትሑት አገልጋይዎ፣
የበሩ ጠባቂ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጅዎ በዚህ በኩል ስታልፍ ድንገት ምጥ ቢይዛት፣ በመብራቱ እንዳትታለል ከወዲሁ ይንገሯት። እሷስ የሚነግራት አባት አላት።