የዳኛው ሁለተኛ ዓይን

ቢቸና፣ ጥር ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ደምለው፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። አባባ ግን ከኅዳር ወዲህ ከመደብ አልወረዱም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደረታቸውን አዳምጦ ሲያበቃ ወደ ደጅ ጠራኝና፣ "ሞጣ ያለው ልጃቸው ይወቅ" አለኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁትም።

የሥዕሉም ነገር አለ። የትምህርት ቤቱ መምህር ሣህለ ማርያም ያን የባሕር ማዶ ጥንታዊ ልብ ወለድ በሥዕል የተተረከበትን መጽሔት አምጥተው፣ እሳቸው ሊተረጉሙ፣ አንተ ሞጣ ሆነህ እንደገና ልትሥል፣ ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ፊደል የለቀምሁት እኔም ቃሉን ልጽፍ ሲሉን፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነገርሁህም። በፈረንጁ ሥዕል ንግግሩ ከሰዎቹ አፍ እንደ አረፋ ይወጣል። አንተ፣ "የኔ ሰዎች አረፋ አይደፍቁም፤ ቃሉን ከእግራቸው ሥር ጻፊው" ብለህ ላክህብኝ።

በታሪኩ ውስጥ ልጁን ከቤት ያባረረውን ዳኛ በየገጹ በጎን ሣልኸው። መምህሩ ግራ ገባቸው።

"እመት ይርገዱ፣ ይህ ሰውዬ አንድ ዓይና ነው እንዴ?"

በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ደግ ሰው በሙሉ ፊት፣ ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን እንደሚሣል ነገርኋቸው።

"መጨረሻ ላይ ይጸጸታል እኮ! ያን ጊዜ ሁለተኛው ይምጣለታ!" ብለው ሣቁ።

የመጨረሻው ገጽ ግን ባዶውን መጣ። ከጀርባው፣ "ሁለተኛውን ዓይን ከየት ላምጣለት?" ብለህበታል። የማን ፊት እንደከበደህ ገባኝ። ቅኔ ቤቱን ትተህ ብሩሽ የያዝህ ጊዜ፣ አባባ ቀለምህን ከወንዝ ሲደፉት አጠገብህ ነበርሁ። ውሃው ቀልቶ ሲወርድ ቆመህ አየኸው። በማግስቱ የለህም።

ባለፈው እሑድ አባባ ሥዕሎቹን አምጪ አሉኝ። ላዘገይ ብሞክር እምቢ አሉ። ወደ ብርሃን እያስጠጉ ተራ በተራ አዩአቸው።

"ይህ አፍንጫ የኔ ነው።"

"ኧረ የፈረንጅ ዳኛ ነው፣ አባባ።"

"ተይ እንግዲህ! የገዛ አፍንጫዬን ላጣው ነው?"

ነጩ ገጽ ላይ ደረሱ። "እዚህስ ምን ይሆናል?"

"ዳኛው ልጁን ፍለጋ በብርድ ይሄዳል። አግኝቶ ከደጃፉ ይቆማል።"

ባዶውን ገጽ በመዳፋቸው ዳበሱት። "እሱስ እግር አለው" አሉ በመጨረሻ። ከዚያም፣ "አዙሪኝ" አሉኝ።

መቼም ታውቃቸዋለህ፣ ፊታቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ነው የሚተኙት። አሁን ወደ በሩ ናቸው። በሩ በተንቋቋ ቁጥር ቀና ይላሉ። ትናንት ጎረቤታችን ውበቴ ሊጠይቃቸው ሲገባ፣ "አይ፣ አንተ ነህ" ብለው ተመልሰው ጋደም አሉ። ውበቴም፣ "ምነው የኔታ፣ እኔ መሆኔ ቅር አለዎት?" ብሎ ሊያሥቃቸው ሞከረ። አልሣቁም።

ይቅር በላቸው አልልህም፤ እሱ ያንተ ነው። መጥተህ ግን እያቸው። አይተህም እንዳየኸው ሣላቸው፤ አንድ ዓይን ከሆነም አንድ ዓይን።

ባዶውን ገጽ አልላክሁልህም። ከራስጌያቸው ነው። ከሥሩ የሚገባውን ቃል ጽፌ ጨርሻለሁ፤ የቀረው ፊቱ ነው። ቀለምህን ይዘህ ቶሎ ና። እስክትደርስ ወደ በሩ እንደዞሩ አቆይልሃለሁ።

እህትህ ይርገዱ